ያልተዋስነው አግዳሚ

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። ጡረታ የሚቆርጥልኝ መሥሪያ ቤት የለኝ፣ የስንብት ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አለቃ የለኝ። ጡረታ ያወጣኝ ጉልበቴ ነው። ከደባርቅ በላይ ያለውን ዳገት እንደ ድሮው መውጣት ሲያቅተኝ፣ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ከሩቅ የሚመጣው ሙሽራ ሲያንስ፣ ሥራውንም የደንበኞቹን ስልክ ቁጥርም ለእህቴ ልጅ ለብርቱካን አስረከብሁና ቤቴ ገባሁ። እሷ ኢቨንት ኦርጋናይዘር ነኝ ትላለች። እኔ ሠርግ አሰናጅ ነበርሁ። ሥራው ያው ነው፣ ስሙ ነው የረዘመው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ጡረታው አይደለም። በቅርቡ ብርቱካን ደውላ፣ "አክስቴ፣ ሁሉም ነገር ተሟልቷል፤ ሙሽሮቹም ከአዲስ አበባ ነገ ይገባሉ። አሁን ወንፊት የምዋሰው ለምንድን ነው?" አለችኝ። "ተዋሽ ብዬሻለሁ፣ ተዋሽ" ብዬ ዘጋሁባት። ከዘጋሁ በኋላ ልጅቷ መልስ እንደሚገባት ታወቀኝ። መልሱ ግን በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

የእኔ ሥራ የሌላ አገር ሰው ሠርግ እኛ አገር ማሰናዳት ነበር። ሰዎች ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከባሕር ማዶም ይመጡና ጭጋጉ ሲገለጥ ገደሉን አይተው "እዚህ ካልተጋባን" ይላሉ። ዴስቲኔሽን ሠርግ እንደሚባል የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። እነዚህ ሰዎች እኛ ዘንድ ቤት የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም፣ እድር የላቸውም። ለአንድ ቀን ቤትም ዘመድም ማበጀት የአሰናጁ ፈንታ ነው።

የጀመርሁት ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሆቴል አልጋ በማንጠፍ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይ ደርሶ ለጫማ አይደርስም ነበር። ባለቤቱ አቶ ሲሳይ ቁጡ ቢሆኑም ቂም የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ጧት የሰደቡትን ሰው ምሳ ይጋብዛሉ። አንድ ቀን ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ተራራ ሊያዩ መጥተው እዚሁ መጋባት እንፈልጋለን ሲሉ፣ አቶ ሲሳይ ግራ ገባቸውና ጠሩኝ።

"ሙሉ፣ አንች ሴት ነሽ፣ ሠርግ ታውቂያለሽ" አሉኝ።

"የራሴንም በቅጡ አላስታውሰው" አልሁ።

"እንግዲያው በዚህ ትማሪያለሽ" ብለው አያ ፈንቴን አስጠሩልኝ።

አያ ፈንቴ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ደባርቅ ድግስ ባለበት ሁሉ የሚፈለጉ አጋፋሪ ነበሩ። አጋፋሪ እንግዳ ተቀብሎ በየማዕረጉ የሚያስቀምጥ፣ ወጡ ከማለቁ በፊት ማለቁን የሚያውቅ፣ የሰከረውን ሳያዋርድ ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ድግስ ላይ ተቀምጠው ያያቸው ሰው የለም። ጠላውን ቆመው ይቀምሳሉ፣ እህሉን ቆመው ይቀምሳሉ። "አጋፋሪ ከተቀመጠ ድግሱ ተነሣ" ይሉኝ ነበር።

ሙያውን የተማርሁት ከእሳቸው ነው። የዳስ በር ለነፋስ ጀርባውን እንዲሰጥ፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ከገደሉ ሥር የሚነሣው ነፋስ ድንኳን እንደ ነጠላ ይገፍፋል። ጠላ ደባርቅ ላይ እንደ ጎንደር ቶሎ እንደማይደርስ፤ ብርዱ ያስተኛዋል፣ ስለዚህ ጋኑን ጭድ ውስጥ መቅበር ነው። ተራራ ጎብኚ የምታመላልሰው የፓርኩ በቅሎ ሻንጣ እንጅ ከበሮ አለመልመዷን፤ ሙሽራ ከማስቀመጥ በፊት ገብስ ስትበላ አጠገቧ ከበሮ እየመቱ ማስለመድ ያስፈልጋል። ይህን አንድ ሰው ንቆት በቅሎዋ ደንግጣ ሙሽራውን ወደ ዳባት መንገድ ይዛው ስትጋልብ ሚዜዎቹ በባጃጅ ተከትለው መልሰውታል። ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ከፍታው ራሳቸውን ሲያዞራቸው ሳይወድቁ አስቀምጦ ትኩስ ሾርባ መስጠት ይገባል።

ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። ዳሱ ሲጣል ሌላው ሰው እንጨት ይሸከማል፣ አያ ፈንቴ ግን ከዘራቸውን ይዘው ዳሱ የሚጣልበትን ሜዳ በከበቡት ቤቶች ደጃፍ ይዞራሉ። ከአንዱ ቤት በርጩማ፣ ከሌላው ወንፊት፣ ከሌላው መጫኛ ይዋሳሉ። ሆቴሉ እቃ አጥቶ አይደለም። ወንፊቱንም መጫኛውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው የለም።

"አያ፣ ወንበር ሞልቶ የለም? ይኸ ሁሉ ምን ይሠራልናል?" አልኋቸው።

"ወንበርስ ሞልቷል። የጎደለን ጎረቤት ነው" አሉና አንድ ሙቀጫ ከነዘነዘናው አሸከሙኝ።

ቀስ እያለ ገባኝ። ወንፊቷን ያዋሰች ሴት ወንፊቷ እንዴት እንደሆነ ልታይ ትመጣለች። ከመጣች ቆማ አታይም፤ እጇን ሰብስባ ከሴቶቹ ጋር ትገባለች። በርጩማው ዳስ ውስጥ ያለ ገበሬ ከብቱን ሜዳው ላይ አይለቅም፣ ልጆቹ ድንኳን ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ ዝም ብሎ አያይም። የማያውቃቸው ሰዎች ሠርግ የእሱም ሠርግ ይሆናል። ሌላም ነገር ነበረው። አያ ፈንቴ ደጃፍ ላይ ቆመው እቃ ሲጠይቁ ቤቱን ያያሉ። ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ወለደች፣ የትኞቹ ጎረቤቶች እንደ ተጣሉ፣ ምንም ሳይጠይቁ አውቀው ይመለሳሉ። "የታመመ አለ ወይ ተብሎ አይጠየቅም፣ ሟርት ይመስላል። ወንፊት ነው የሚጠየቅ" ይሉኝ ነበር። እቃውን ሲመልሱ ደግሞ ባዶውን አይመልሱም፤ የዳቦ ቁራሽ እንኳ ቢሆን ያኖሩበታል።

ከሆቴሉ ወደ ፓርኩ አቅራቢያ ወዳለ ሎጅ ተዛወርሁ። ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ወጣት ነበር፣ ግን ቅጽ ይወዳል። ማንኪያ ከወጥ ቤት ወደ አዳራሽ ሲሄድ ቅጽ ይሞላል። በእሱ ጊዜ የተሠራውን አንዱን ሠርግ አሁንም ድረስ ስናወራው እንስቃለን። ባለ ብዙ ደርብ ኬክ ከጎንደር በመኪና ተጭኖ፣ በየጠመዝማዛው እየቆመ፣ ምንም ሳይነካው ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ገደሉ አፋፍ ላይ ጠረጴዛ አስወጥቶ "ፎቶው እዚህ ያምራል" አለ። "ቁራ አለ" አልሁት። "ቁራ ኬክ ምን ያደርግለታል?" አለኝ። ሙሽሮቹ ቢላዋውን እስኪይዙ ድረስ ቁራው ከላይኛው ደርብ ላይ ቆሞ የስኳር ሙሽራይቱን በአፉ ይዞ ወደ ገደሉ ሄደ። እውነተኛዋ ሙሽራ እስክታለቅስ ሳቀች። ሥራ አስኪያጁ የጠፋውን የሚመዘግብበት ቅጽ አጣ።

የመዋስ ነገር የቀረው እዚያ ነው። ከውጭ ለሚመጣ እቃ ቅጽ አልነበረውም፣ ቅጽ የሌለው እቃ ደግሞ በር አያልፍም። አያ ፈንቴም ዓይናቸው ሲደክም በየዳ ወረዳ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ተቀመጡ። እኔ ከሎጁ ወጥቼ በራሴ መሥራት ስጀምር ሁሉን ነገር ከጎንደር መከራየት ለምጄ ነበር። ወንበር፣ ድንኳን፣ ጀነሬተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል፣ በማግሥቱ ተጭኖ ይመለሳል። ቀላል ነበር።

አሁን ወደ ሕሊና ሠርግ ልምጣ። ደባርቅ ላይ "የሚካኤሉ ሠርግ" ቢሉ የማያውቀው የለም።

ሕሊና የአዲስ አበባ ልጅ ነች። ከእጮኛዋ ጋር ተራራ ስትወጣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ግርጌ ያለውን የሚካኤልን ደብርና ሜዳውን አየች፣ ወደደችው። ወቅቱ ጥር ነው፣ ሜዳው ታጭዶ ደርቋል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ነገሩን የሚከታተለው ወንድሟ ነበር። ትሁት ልጅ ነው፣ ግን ፎቶ ያስጨንቀዋል። "እትዬ ሙሉ፣ ያረጀ ነገር ካሜራ ውስጥ እንዳይገባ፣ አደራ" ይለኝ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሜዳው ሲወረድ የመጀመሪያው ቤት የአያ ወርቁ ነው። ሜዳውን የሚያጭዱት እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌ ቢሆኑም ማጭዱን ለማንም አይሰጡም። ቦታውን ልለካ የሄድሁ ዕለት ቆመው አዩኝ።

"አግዳሚው ቤት አለ" አሉኝ። "ፈንቴ በመጣ ቁጥር እሱን ነበር የሚዋሰኝ።"

አግዳሚውን አውቀዋለሁ። ራሳቸው ፈልጠው የሠሩት የጽድ አግዳሚ ነው፤ ረጅም፣ ተቀማጭ ያለሰለሰው። አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ድንጋይ ይደረግለታል።

"አያ፣ ዘንድሮ ወንበሩ ሁሉ ከጎንደር ይመጣል። ነጭ ልብስ የለበሰ ነው" አልሁ።

"ወንበርም ልብስ ይለብስ ጀመር?" ብለው ሳቁ። "ቢሆንም ሰው ይበዛብሽ ይሆናል። ላኪብኝ፣ አወጣልሻለሁ።"

"እሽ" አልሁ። እሽ ያልሁት ሽማግሌ እንዳይከፋቸው እንጅ ልልክ አስቤ አልነበረም።

የሠርጉ ዕለት እሑድ ነበር። ጧት ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት አደረ። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ተክሊሉም እንዲሁ፤ እኔ ከነጋ ጀምሮ ድንኳኑና ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበርሁ። ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሕሊናን በቅሎዋ ላይ አወጣናት፣ ከበሮው ተመታ፣ ወደ ሜዳው መውረድ ጀመርን። በአያ ወርቁ ደጃፍ ስናልፍ ባለቤታቸው እትየ ታንጉት አጥሩ ጋ ቆመው እልል አሉ። የዚያን ቀን ከሰማሁት እልልታ ሁሉ የእሳቸው ይጎላ ነበር። ሕሊና በቅሎዋ ላይ ሆና ዞር ብላ እጅ ነሣቻቸው። ካሜራ የያዘው ልጅም እሳቸውን ሊቀርጽ ወደ ኋላ ቀረ።

ድንኳኑ ሞላ፣ ማዕዱ ተባረከ፣ ዘፈኑ ተለቀቀ። ሳህን ሳድል የደብሩ ቄስ አዳነና ሁለቱ ዲያቆናት እህል ሳይቀምሱ በጓሮ በኩል ሲወጡ አየኋቸው። ቅር ያሰኘናቸው መስሎኝ ተከትዬ ሮጥሁ።

"አባ፣ ወዴት ነው? ቦታ አዘጋጅተንላችኋል።"

ቄስ አዳነ ቆሙ። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ድንኳኑ አዩ። "ፍትሐት አለብን" አሉኝ ቀስ ብለው።

"የማን ፍትሐት?"

"የአያ ወርቁ። ሲነጋጋ አረፉ።"

ሳህኑ እጄ ላይ ነበር። "እንዴት አልነገሩኝም፣ አባ?"

"እትየ ታንጉት በልጃቸው ላኩብን። 'የሰው አገር ሙሽራ ናት፣ ቀኗን አታጥቁሩባት፤ ጸሎቱን ጨርሱላት' አሉ። ለአንችማ ማን ይነግራል ብየ አልተጨነቅሁም። ጧት እቃ ልትዋስ በየቤቱ ስትዞር ታየዋለች ብየ ነው።"

ይህን ሲሉ ሊወቅሱኝ አስበው አይደለም። እንደዚያ ስለሚደረግ እንደዚያ ያደረግሁ መስሏቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፣ እንደዚህ ቃል ያቃጠለኝ የለም።

ወደ ቤቱ ሄድሁ። አግዳሚው ደጃፍ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል፣ ታጥቧል። ለለቀስተኛ ያወጡት መስሎኝ አለፍሁት። ግቢው ሰው ሞልቷል፣ ድምፅ ግን የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የእድሩ ጥሩምባ አልተነፋም። የሚሰማው የእኛ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው፤ "የወይን አበባ" እያሉ ሙሽራ ሲያወድሱ እዚያ ግቢ ውስጥ ቃል በቃል ይሰማል።

እትየ ታንጉት ሲያዩኝ "መጣሽ?" አሉኝ።

"እትየ፣ እኔ አላወቅሁም። አሁኑኑ አስዘጋዋለሁ።"

"ተይ። ከተዘጋ ምነው ይላሉ። ምነው ካሉ ይሰማሉ። ሙሽራ በወጣችበት ቀን ሞት ሰምታ ምን ልትሆን?"

"አንቱስ?"

"እኛ ኋላ እናለቅሳለን" አሉ።

ተመልሼ ሄጄ ለሕሊና ቤተ ሰብ መንገር እችል ነበር። አልነገርሁም። የእትየ ታንጉትን ቃል አከበርሁ ብዬ ራሴን አሳመንሁ፤ እውነቱ ግን ፈራሁ ነው። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ድምፁን ዝቅ ማድረግ ነው። ወንድምየው መጥቶ ከፍ አደረገው። ደግሜ ዝቅ አደረግሁ። "እትዬ ሙሉ፣ ሰው እኮ እየጨፈረ ነው" ብሎ ደግሞ ከፍ አደረገው። በዚያ መሐል አያ ወርቁን እንግዶቹ እንዳያዩ በታችኛው መንገድ አውጥተው ወሰዷቸው። አስከሬን ከቤት ሲወጣ እኛ አገር ዋይታው ተራራ ያሻግራል። የእሳቸው አስከሬን ሲወጣ የተሰማው የእኛ ዘፈን ነው።

ማታ ሙሽሮቹ አቅፈው አመሰገኑኝ። ሠርጉ ሰምሮ ነበር። ድንኳኑ በማግሥቱ ተጭኖ ሄደ፣ ክፍያዬም ሳይጎድል ገባልኝ።

ለሣልስት ሄድሁ፣ ለአርባውም ሄድሁ። እትየ ታንጉት እንግዳ ይቀበላሉ፣ ያስተናግዳሉ፣ አያለቅሱም። ልጆቻቸው አለቀሱ፣ ጎረቤት አለቀሰ፤ እሳቸው አልወጣላቸውም። "ታንጉት እኮ አላለቀሰችም" ይባል ጀመር። የእኛ ሰው ለቅሶውን ያላወጣ ሰው እንደሚታመም ያውቃል። እሳቸውም ከሱ፣ እህል ጠሉ። ለቅሶ በሰዓቱ ካልወጣ ና ቢሉት አይመጣም። ማንም አልወቀሰኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አያ ፈንቴ ለዓይናቸው ሕክምና ደባርቅ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኋቸው። አልተቆጡም። "አግዳሚውን ሳትወስጅ?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልዋስ ያሰናዳሁት ሠርግ የለም። በአያ ወርቁ ደጃፍም ባለፍሁ ቁጥር አግዳሚው እዚያው ነው። ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲመታው አየሁት። ምነው አላስገቡትም ብዬ አሰብሁ፣ ለመጠየቅ ግን አፍ አልነበረኝም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሕሊና ከአዲስ አበባ ደወለች።

"እትዬ ሙሉ፣ የሠርጉ ቪዲዮ ተሠርቶ ገና አሁን ደረሰን። አጥሩ ጋ ቆመው እልል ያሉት እናት ማን ናቸው? እናቴ እሳቸውን ካየች ወዲህ ደህና አይደለችም።"

እናትየዋ ስልኩን ተቀበለቻት። "እኔ የገጠር ልጅ ነኝ" አለችኝ። "ሴትዮዋ እኛ ስንደርስ ነጠላቸውን አቃኑና እልል አሉ። ካለፍን በኋላ መልሰው ዘቀዘቁት። ልጁ ካሜራውን ሳይዘጋ ቀርቶ ነው ያየሁት። ያ ቤት ምን ነበረበት?"

ያን ቀን መዋሸት አልቻልሁም። ነገርኋት።

"ቀብሩ መቼ ነበር?" አለችኝ።

"እናንተ ስትጨፍሩ።"

"ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ጥሪኝ" ብላ ዘጋችው።

ጥር ሲመጣ እትየ ታንጉት ራሳቸው ላኩብኝ፤ የተዝካሩን ዳስ አንች ጣይልኝ አሉ። ከጎንደር ምንም አላስመጣሁም። ዳሱን በባሕር ዛፍ አቁመን በቅጠል ከደንነው። ከዘራ ባይኖረኝም በየደጃፉ ዞርሁ፤ በርጩማም፣ ወንፊትም፣ መጫኛም ተዋስሁ። አግዳሚውን ወደ ዳሱ ላስወስድ ብዬ ልጆች ብጠራ፣ እትየ ታንጉት "እሱን ተይው፣ እዚያው ይሁን" አሉኝ። እነ ሕሊና እንደሚመጡ ነግሬያቸዋለሁ። ሲሰሙ "ለምን ይደክማሉ?" ብለው ነበር።

ሚኒባሱ ዋናው መንገድ ላይ ቆመ። ሕሊና፣ ባሏ፣ እናቷ፣ ያ ወንድሟም ወረዱ፤ ነጠላቸውን ሁሉም ዘቅዝቀዋል። እናትየዋ እንደ ደንቡ ከመንገዱ ጀምራ አለቀሰች። ዓመት ሙሉ ይዛው የኖረች ይመስል ድምፅዋ ሜዳውን አቋርጦ መጣ።

"በዘፈን የቀበርንህ ወንድሜ፣ ሳናውቅህ የበደልንህ ወንድሜ!"

ዳሱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ቆመ። እትየ ታንጉት ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። መጀመሪያ የሰሙትን ያላመኑ መስለው ቆሙ። ከዚያ "ወርቁየ" አሉ፣ ዓመት ሙሉ ያልወጣው ያን ጊዜ ወጣ። ሴቶቹ ተከተሉ፣ ወንዶቹ ተከተሉ፣ ቄስ አዳነ ፊታቸውን ወደ ደብሩ ጽዶች አዞሩ። እኔም ሳህን ይዤ አልቆምሁም፣ አለቀስሁ። ወንድምየው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በእጁ ይዞ ነበር።

ሁሉም ወጥቶለት፣ ፊት ታጥቦ፣ እህል ከተቀመሰ በኋላ እትየ ታንጉት ሕሊናን እጇን ይዘው ወደ ደጃፍ ወሰዷት። ድካም ይታይባቸዋል፣ ፊታቸው ግን ተፈትቷል። አግዳሚው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ክረምቱ አጥቁሮታል።

"ተቀመጭ፣ ልጀ" አሏት። "ያንችው ነው። ለሠርግሽ ብሎ ቅዳሜ አጥቦ ያወጣው ነው። ይልኩብኛል እያለ እስኪመሽ እዚህ ቆሞ ጠበቀ። እኔም ከዚያ ወዲህ አላስገባሁት።"

ዓመት ሙሉ ለለቀስተኛ የወጣ ይመስለኝ ነበር።

ሕሊና ወደ እኔ አየች። ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ አግዳሚው ወደ አጭሩ እግሩ ዘመመ። ዙሪያውን አየሁና ጠፍጣፋ ድንጋይ አግኝቼ፣ ተንበርክኬ ከሥሩ አስገባሁለት። ረጋ። ስነሣ እትየ ታንጉት ከሕሊና ጎን ተቀምጠው፣ ጠጋ ብለው ለሦስተኛ ሰው ቦታ ለቀው ነበር።

"አንችም ተቀመጭ እንጅ" አሉኝ።

ዳሱ ውስጥ ገና ያልተነሣ እንግዳ ነበር፤ አጋፋሪ ደግሞ አይቀመጥም። ተቀመጥሁ።